ድርጭት በማሽን ስታስፈለፍሉ፦ እባካችሁ ክዳኑን ተዉት

ድርጭት ለጀማሪ ጥሩ ነው። እንቁላሏ ትንሽ ናት፣ ቦታ አትፈጅም፣ ውጤቱም ቶሎ ይታያል። ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያበሳጨኛል። በደህና ሁለት ሳምንት የቆየ እንቁላል በመጨረሻዎቹ ቀናት በሰው እጅ ይበላሻል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ክዳኑን መክፈት

የድርጭት እንቁላል 17ኛው ወይም 18ኛው ቀን ላይ ይፈለፈላል። 14ኛው ቀን ሲሞላ ማገላበጡ ይቆማል፣ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይደረጋል፣ ክዳኑ ይዘጋል። በቃ። ከዚያ በኋላ የሚከፈተው ጫጩቶቹ ወጥተው ላባቸው ሲደርቅ ነው። ይህን ስናገር ሁሉም ሰው እሺ ይላል። የመጀመሪያዋ ስንጥቅ ስትታይ ግን ክዳኑ ይነሳል። ለፎቶ ይከፈታል። ልጆቹ እንዲያዩ ይከፈታል። ጎረቤት ተጠርቶ ይከፈታል።

ሲከፈት እርጥቡ አየር በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ከቅርፊቱ ስር ስስ ነጭ ሽፋን አለ። ጫጩቷ ቅርፊቱን የሰበረችበት ቦታ ላይ ያ ሽፋን ይደርቅና እንደ ብራና ይወጠራል፣ ላባዋ ላይም ይጣበቃል። ለመውጣት ደግሞ እዚያው ውስጥ መዞር አለባት። በምንቃሯ ጫፍ ባለችው ትንሽ ሹል ነገር ሰፊውን ጫፍ ዙሪያውን እየሰበረች ትሄዳለች፣ ከዚያ በእግሯ ገፍታ ክዳን ታደርገዋለች። ከተጣበቀች አትዞርም። አንድ ቦታ ላይ ትታገላለች፣ ይደክማታል፣ ትሞታለች። ባለቤቱ "ደካማ ነበረች" ይላል። ደካማ አልነበረችም።

ከዚህ የባሰው "መርዳት" ነው። ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ መውጣት ብዙ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ጫጩቷ ዝም ያለች ትመስላለች እንጂ ሥራ ላይ ናት። በሽፋኑ ላይ ባሉት የደም ስሮች ውስጥ ያለው ደም ወደ ሰውነቷ ይመለሳል፣ የቀረው አስኳል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ ይገባል። አንድ የማውቀው ወጣት ስንጥቅ ያየባቸውን ሁሉ ማታ በጥፍሩ ላጣቸው። ልቡ ስለራራ ነው ያደረገው። ጠዋት ሲነሳ አብዛኞቹ ሞተዋል፣ አስኳሉም ከሆዳቸው ውጭ ነበር። ስትልጡ ደም ካያችሁ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

"ይርባቸዋል" የሚለውም ስጋት አያስከፍትም። ወደ ሆዳቸው የገባው አስኳል የመጀመሪያውን አንድ ቀን ያሻግራቸዋል።

ማሽኑ ያሳየውን ቁጥር ማመን

ፋን ላለው ማሽን 37.5 ዲግሪ ነው። ፋን ከሌለው በእንቁላሉ አናት ላይ ተለክቶ 38.5 አካባቢ። ችግሩ ማሽኑ 37.5 ሲል ውስጡ 39 ሊሆን መቻሉ ነው። ርካሾቹ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ከብርድ ይልቅ ቶሎ ይገድላል።

አንዳንዶች ቴርሞሜትራቸውን በፈላ ውሃ ይፈትሻሉ፣ 100 ሲጠብቁ 92 ያያሉ፣ ተበላሽቷል ብለው ይጥላሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው እዚያ ገደማ ነው። ይልቅ ከፋርማሲ የትኩሳት መለኪያ ግዙ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዙና ልዩነቱን ጻፉት። የእርጥበት መለኪያውን ደግሞ ትንሽ ውሃ ከነካው ጨው ጋር በተዘጋ ፌስታል ውስጥ አሳድሩት፤ 75 ማሳየት አለበት።

የአየር ቀዳዳ መድፈን

ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ ቀዳዳውን በፕላስተር የሚዘጋ ሰው አጋጥሞኛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ለመፈልፈል የደረሰ እንቁላል ደግሞ ይተነፍሳል። ቀዳዳው ይከፈት።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ስስ አየር ላይ ከእንቁላል ውስጥ ውሃ ቶሎ ይወጣል፣ በተለይ በበጋ። ስለዚህ መመሪያው ላይ ያለውን የእርጥበት ቁጥር ብቻ አትከተሉ። እንቁላሎቹን ሚዛን ላይ አስቀምጡ። እስከ 14ኛው ቀን ከክብደታቸው 12 በመቶ ገደማ ሊቀንሱ ይገባል። 550 ግራም አስገብታችሁ ከሆነ 485 አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ውሃ ጨምሩ፣ ካልቀነሰ ውሃውን አሳንሱ። የድርጭት ቅርፊት ዝንጉርጉር ስለሆነ በባትሪ አብርቶ ውስጡን ማየቱ ያስቸግራል፤ ሚዛኑ ይሻላል። በነገራችን ላይ ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ አካባቢ የመጣ እንቁላል አዲስ አበባ ላይ እዚሁ ከተጣለው ያነሰ ቢፈለፈል አይግረማችሁ።

መብራት ሲሄድ መደንገጥ

አትክፈቱ። ጋቢ አልብሱት፣ ቀዳዳዎቹን ግን አትሸፍኑ። ጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ፣ ስለዚህ "አለቀ" ብላችሁ እንዳትጥሏቸው። ብዙዎቹ ትንንሽ ማሽኖች በ12 ቮልት ባትሪም ይሠራሉ፤ ስትገዙ ጠይቁ። መብራት ሲመለስ በኃይል እየመጣ መቆጣጠሪያውን ስለሚያቃጥል ስታቢላይዘር አይቅርባችሁ።

እንቁላሉ ራሱ

ከሱፐርማርኬት የተገዛ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አይፈለፈልም። ወንድ አብሮ አልኖረማ! ሻጩን ጠይቁት፦ ለሦስት ወይም ለአራት ሴት አንድ ወንድ አለ ወይ? ወላጆቹስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው? ድርጭት ላይ የዘመድ ርቢ የሚፈለፈለውን ቶሎ ይቀንሳል።

አትጠቡት። ከሳምንት በላይ አታስቀምጡት። በመኪና ተንገጫግጮ ከመጣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳርፉት።

የዶሮና የድርጭት እንቁላል በአንድ ቀን አብራችሁ አታስገቡ። ዶሮ 21 ቀን፣ ጅግራ ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈልጋሉ። ማሽኑም በዶሮ አቆጣጠር ከተሞላ 18ኛው ቀን ድረስ ማገላበጡን አያቆምም። ድርጭቶቹ በሚንቀሳቀሰው ትሪ መሃል ይወጡና እግራቸው ይያዛል።

ቀን ስትቆጥሩ ያስገባችሁበትን ቀን አትቁጠሩ። ሰኞ ማታ ካስገባችሁ አንድ ቀን የሚሞላው ማክሰኞ ማታ ነው።

የቆቅና የጅግራ እንቁላል ከዱር ጎጆ አታንሱ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ሕገወጥ ነው።

ከወጡ በኋላ

የድርጭት ጫጩት ከአውራ ጣት አትበልጥም። ለዶሮ ጫጩት በምትሰጡት ውሃ መጠጫ ውስጥ ትሰምጣለች። መጠጫውን በጠጠር ሙሉት፣ ውሃው በጠጠሮቹ መሃል ይቅር። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አታንጥፉ፣ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ግራና ቀኝ ተከፍቶ ይቀራል። ሸካራ ጨርቅ ይሻላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። መኖውን አድቅቁት፤ ፕሮቲኑም 24 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን።

ያልተፈለፈሉትን እስከ 20ኛው ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ ሳትጥሉ ሰብራችሁ እዩ። ሽታው ስለሚከብድ ውጭ ሆናችሁ ስበሩት። ውስጡ ምንም ያልጀመረ ከሆነ ጥያቄው ወንዱ ላይ ወይም እንቁላሉ የቆየበት ጊዜ ላይ ነው። የደም ቀለበት ካለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቷል፣ ሙቀቱን ፈትሹ። ሙሉ ጫጩት ሆኖ ሳይሰነጥቅ ከቀረ እርጥበቱን፣ አየሩንና ክዳኑን።