ግድግዳ ተጠግቶ ለሚቀመጥ ስፒከር

ሐረር ጀጎል ያለው ቤታችን ሳሎኑ ጠባብ፣ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ስፒከሮቼን ወደ መሀል ባወጣቸው መተላለፊያ አይኖርም፤ ስለዚህ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ብቻ ርቆ ጥሩ የሚሰማ መፈለግ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። የአየር ቀዳዳው ከኋላ የሆነ ስፒከር ግድግዳ ሲጠጋ ብዙ ጊዜ ያጓራል። ከፊት ቢሆን ይሻላል። እኔ ግን ቀዳዳ የሌለውን ዝግ ሣጥን አስበልጣለሁ፤ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ወደ ታች ቀስ እያለ ስለሚቀንስ ግድግዳው የሚጨምርለት ጉድለቱን ይሞላለታል። ጭማሪው ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ቤዙን እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያሳድጋል፣ ማዕዘን ላይ ደግሞ ይብሳል። ማዕዘን ውስጥ አታስገቡት!

ለጠባብ ክፍል ትልቅ ስፒከር አትግዙ።

ሱቅ ስትሄዱ ግድግዳ አስጠግተው እንዲያጫውቱላችሁ ጠይቁ። እኔ ወፍራም የወንድ ድምፅና ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ይዤ እሄዳለሁ። ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ከመሰላችሁ ተዉት።

ከኋላ ቀዳዳ ያለውን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ንጹሕ ካልሲ ጠቅልላችሁ ቀዳዳው ውስጥ ክተቱ። እናቴ ግድግዳው ላይ የሰቀለቻቸው ስፌቶች መንቀጥቀጥ ያቆሙት ይህን ያደረግሁ ዕለት ነው።