ሰባተኛ ክፍል የገባ ልጅዎን ማታ ማታ እንዴት ያግዙት?

ይህን የምጽፈው ልጃቸውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ያው ነገር ይገጥመኛል። ስድስተኛ ክፍል እያለ እጁን ሲያወጣ የነበረ ልጅ ሰባተኛ ሲገባ ዝም ይላል። አልሰነፈም። ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ዞሮበት ነው። አምና የክፍልፋይን የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር «ላዕል» እና «ታህት» የሚለው ዘንድሮ «ኒውመሬተር» እና «ዲኖሚኔተር» ሆኖበታል።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ የማየው ግን ብዙ ልጅ ከሰባተኛ ጀምሮ ወደ ኋላ እንደሚቀር ነው።

መጀመሪያ፣ የስድስተኛ ክፍል ደብተሩን ለቆሎ መጠቅለያ አይስጡት። አደራ! ሰባተኛ ላይ የሚያስፈልገው የአማርኛ ማስታወሻ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ አንድ ደብተር ይግዙለትና ገጹን መሃል ለመሃል ያስምረው። በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ የአማርኛውን ይጻፍ። በቀን አምስት ቃል ይበቃል። አሥር ካሉት በሳምንቱ ይተወዋል። ያልገባውን መምህሩን ይጠይቅ።

ዋናው ሥራ ማታ ነው። ምስር እየለቀሙም ቢሆን የዕለቱን ትምህርት በአማርኛ ያስረዳዎት። እርስዎ ማወቅ የለብዎትም። «ለምን?» እና «እንዴት አወቅህ?» ማለት ይበቃል። ሲደናቀፍ እዚያው ቦታ ላይ ምልክት ያድርግ፤ ነገ ክፍል ውስጥ የሚጠይቀው እሱን ነው። ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናት ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ልጇን ስለ ኔጌቲቭ ቁጥር (ከዜሮ በታች ስላለ ቁጥር) ታስነግራት ነበር። ልጅቷ ጨንቋት በመጨረሻ «አምስት ብር ዕዳ አለብሽ እንበል፤ ሦስት ከፈልሽ፤ ሁለት ይቀርብሻል» አለቻት። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ወጥታ −5 + 3 = −2 ብላ ሠራች። እኔ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለፍቼበት ነበር።

ትምህርት ቤት ለመሄድ ካርድ እስኪሰጥ አይጠብቁ። ስም ጠሪ መምህሩን ያግኙ። «ጠባዩ እንዴት ነው?» ብቻ ብለው አይመለሱ። «የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የከበደው?» ይበሉ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ፤ እንዲህ ተብዬ የተጠየቅኩበትን ልጅ በማግስቱ ሳላየው አላልፍም።

መብራት በጠፋ ማታም ያስነግሩት። ለዚህ መጽሐፍም አምፖልም አያስፈልግም።