ጥይት በእጃችሁ የምትሞሉ፣ ቀለሁን እዩት

የአደን ጠመንጃችሁ ጥይት እንዲፈጥን ባሩድ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የተተኮሰው ቀለህ ብዙ ይናገራል። መቀርቀሪያው ለማንሳት ካስቸገረ፣ የቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ምልክት ካለ፣ ወይም የፕራይመሩ (በቀለሁ ቂጥ መሃል ያለው፣ ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክብ) ጠርዝ ተጨፍልቆ ጠፍጣፋ ከሆነ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው። እዚያው አቁሙ። እባካችሁ፣ “አንድ ልሞክር” አትበሉ።

የባሩዱ አምራች በመመሪያው ካስቀመጠው ከፍተኛ መጠን 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ የጥይቱን ፍጥነት በመለኪያ እያያችሁ ትንሽ በትንሽ ጨምሩ። አረሩን፣ ቀለሁን ወይም ፕራይመሩን ከቀየራችሁ ደግሞ እንደገና ከታች ነው የሚጀመረው። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥይትም ግፊቱ ከፍ ይላል። ጠዋት በብርዱ ደህና የነበረው፣ ቀትር ላይ ሊያስቸግር ይችላል።

ባሩድ ሳይጨመር ፍጥነት የሚገኘው ከረጅም በርሜል ነው። በአብዛኛው የአደን ጠመንጃ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ከ6 እስከ 9 ሜትር በሰከንድ ያህል ይጨምራል። በርሜል መቀየር ግን የጠመንጃ ባለሙያ ሥራ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ያለውን በርሜል በደንብ አጽድቼ እለካለሁ። ለጥቂት ሜትር ፍጥነት ዓይን አይከፈልም።