ፊታችን ላይ የበራ ባትሪ፦ ብሌዛርን በገዛ ዓይን ለማየት

ከመጀመሪያው እንስማማ፤ ብሌዛር፣ ማለትም ጨረሩን ወደ እኛ ያነጣጠረ የሩቅ ጋላክሲ መሐል፣ ስትፈልጉ የምታዩት ነጥብ ነው። ደብዛዛ፣ ከጎኗ ካሉት ኮከቦች በምንም የማትለይ ነጥብ። ለእሷ ብላችሁ እኩለ ሌሊት ብርድ ላይ ትቆማላችሁ። ይሄ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ሳተርንን እዩ፤ ቀለበቱ እንግዳ ፊት አሳፍሮ አያውቅም። 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መንገድ ላይ የቆየ ብርሃን በገዛ ዓይናችሁ መቀበል ካማራችሁ ግን ነገሩ ከሚወራው ይቀላል።

የምንፈልገው 3ሲ 273 የሚባለውን ነው (ሥሪ ሲ ብላችሁ አንብቡት)። ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ሰማዩን በሬዲዮ ሲመዘግቡ በሦስተኛው ዝርዝራቸው 273ኛ ተራ ላይ አሰፈሩት፣ በዚያው ቀረ። ከብሌዛሮች ሁሉ ይሄን የመረጥኩት በትንሽ ቴሌስኮፕ ለሚጀምር ሰው ከእሱ የሚሻል ስለሌለ ነው።

ብሌዛር ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ሳነብ ሳይሆን ዘበኛ ሲያስደነግጠኝ ነው። የዘመድ ግቢ ውስጥ ቴሌስኮፔን ተክዬ ጎንበስ እንዳልኩ የጎረቤት ዘበኛ «ማነህ አንተ?» ብሎ ባትሪውን ፊቴ ላይ ለቀቀብኝ። የሚታየኝ ብርሃኑ ብቻ ነበር። ሰውዬው ረጅም ይሁን አጭር፣ ዱላ ይያዝ አይያዝ፣ ምንም አላውቅም። ባትሪው ወደ መሬት ሲወርድ ነው ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ መሆናቸውን ያየሁት። «አባባ፣ ኮከብ እያየሁ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም።

ብሌዛርም እንደዚያው ነው። አንድ ትልቅ ጋላክሲ አለ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ ተቀምጧል። የ3ሲ 273ቱን ጥቁር ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2018 ቺሊ ያሉ አራት ትልልቅ ቴሌስኮፖችን አጣምረው ሲለኩት ወደ 300 ሚሊዮን ፀሐይ የሚመዝን ሆኖ ተገኘ። ጋዝ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ሲወድቅበት ይግላል፣ ያበራል። ከፊሉ ግን ሳይዋጥ በፊት በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች፣ ለብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ይፈናጠራል፤ ይሄኛው ጄት ይባላል። ጄቱ ወደ ጎን ሲያመለክት ጋላክሲውን በሰላም እናያለን። ወደ እኛ ሲዞር ግን ባትሪው ፊታችን ላይ ነው፣ የያዘው አካል አይታየንም፤ ብሌዛር የምንለው ይሄን ነው። ሲያበራም ቀልድ የለውም፤ 3ሲ 273 ከእኛ 33 የብርሃን ዓመት ላይ ቢሆን ኖሮ ሰማይ ላይ የፀሐይን ያህል በደመቀ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። የድምቀት መለኪያው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ነገሩ ይደበዝዛል፤ በባዶ ዓይን፣ ጥሩ ጨለማ ውስጥ፣ እስከ 6 ድረስ እናያለን። 3ሲ 273 ወደ 12.9 ነው፣ ማለትም ለዓይናችን መጨረሻ ከሆነው ኮከብ ከ500 እጥፍ በላይ የደከመ። በሁለት ዓይን መነጽር አይሞከርም። መስተዋቱ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ፣ ሰማዩ በደንብ ከጨለመ፣ ይበቃል። የኔ እሱ ነው፤ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ፣ በሹራብና በልጆች ጫማ ተጠቅልሎ የመጣ። 20 ሴንቲሜትር ካገኛችሁ አታቅማሙ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሌላው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ፤ በርጩማ፣ ጋቢ፣ ደብተር፣ እና ባትሪያችሁ ላይ የምታስሩት ቀይ ፌስታል። በፌስታሉ አትሳቁ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን ካያችሁ ግን እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ፤ ቀይ ብርሃን ነው ብዙም የማይጎዳው።

አዲስ አበባ መሐል ሆናችሁ አትልፉ። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፣ ለእነሱም ቢሆን የከተማው መብራት ወዳጅ አይደለም። ከከተማ ውጡ፣ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጡ።

ጊዜውን በተመለከተ እኛ ዕድለኞች ነን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ 3ሲ 273 ደግሞ ሰማይ ላይ በሰሜን 2 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ አናታችን ላይ ሊደርስ 7 ዲግሪ ብቻ ሲቀረው ያልፋል፣ ብርሃኑም በቀጭኑ የአየር ክፍል ነው የሚመጣው። ለንደን ያለ ሰው ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚያየው፣ ዋሽንግተን ያለው 53። የካቲት መጀመሪያ ላይ አናት ጋ የሚደርሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ግንቦት ማብቂያ ላይ 2 ሰዓት ገደማ። እንቅልፍ የሚወድ ሰው ሚያዝያን ይመርጣል፣ ጥርት ያለ ሰማይ የሚወድ የካቲትን፤ የበልግ ደመና ሁለቱንም ሊያበላሽ ይችላል። አንድ ምክር ደግሞ፦ ትክክል አናት ላይ ሲሆን አትሞክሩ። በተለይ መሬት ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ቴሌስኮፕ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲቆም ማዞሩ ፈተና ነው። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ እዩ።

ሰፈሩ በእኛ የኮከብ ቆጠራ ሰንቡላ የሚባለው፣ ፈረንጆቹ ቪርጎ የሚሉት ነው። መንገዱ እንዲህ ነው። ወደ ሰሜን ዙሩና ጭልፋ የሚመስሉትን ሰባት ኮከቦች ፈልጉ። የጭልፋው እጀታ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጉብጠቱን ተከትላችሁ ስትቀጥሉ መጀመሪያ ብርቱካናማው አርክቱረስ ላይ፣ ከዚያ ነጩ ስፓይካ ላይ ትደርሳላችሁ። ስፓይካ የሰንቡላ ዋና ኮከብ ናት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ወደ ሰማይ ብትይዙት ስፋቱ ወደ 10 ዲግሪ ነው፤ ከስፓይካ አንድ ጡጫ ተኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትሄዱ ፖሪማ አለች። ከፖሪማ ወደ ምዕራብ፣ የመሐል ሦስት ጣቶች ስፋት ያህል አልፋችሁ፣ ደከም ያለችው ዛኒያ ትመጣለች። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ሦስት ማዕዘን መሠረት ናቸው። ሦስተኛው ማዕዘን፣ በጭልፋው በኩል፣ ከፖሪማ ወደ 4.7 ዲግሪ፣ ከዛኒያ 3.5 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ዒላማችን ነው። እዚያ በባዶ ዓይን ምንም የለም።

ከዚህ በኋላ ካርታ የግድ ነው። ስቴላሪየም (የሰማይ ካርታ የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ስሙን ጽፋችሁ አካባቢውን በደንብ አጉልታችሁ፣ ቀን ላይ ደብተራችሁ ላይ ሣሉት። እኔ መጀመሪያ ሰነፍኩና በስልክ ላየው ወጣሁ፤ ስልኩን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እየታወረ ሁለት ሌሊት ከሰርኩ። በተጨማሪም የቴሌስኮፕ ምስል እንደየዓይነቱ ይገለበጣል፣ ስለዚህ ሥዕሉን እየገለባበጣችሁ ከምታዩት ጋር አመሳስሉ። መጀመሪያ ሰፊ በሚያሳየው ሌንስ ሰፈሩን አግኙ፣ ከዚያ ወደ 100 እጥፍ የሚያጎላውን አድርጉ፤ ጀርባው ይጠቁርላችኋል።

ነጥቧን ፊት ለፊት አፍጥጣችሁ ካያችኋት ትጠፋለች። የዓይናችን መሐል ለቀለም እንጂ ለጨለማ አልተሠራም። ወደ ጎን፣ ከነጥቧ ትንሽ ፈንጠር ያለ ቦታ ላይ እያያችሁ ልባችሁን ግን እሷ ላይ አድርጉ። ብቅ ትላለች። ካልሆነም የቴሌስኮፑን ቱቦ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ንኩት፤ ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ይይዛል።

«ይቺማ ኮከብ ናት» ካላችሁ አይፈረድባችሁም፣ ባለሙያዎቹም እንደዚያ ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ1962 ጨረቃ በፊቱ ስታልፍ አውስትራሊያ ፓርክስ ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሬዲዮ ሞገዱ የሚጠፋበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለካ፣ ሲሪል ሃዛርድና ባልደረቦቹም ከዚያ ተነሥተው ቦታውን በትክክል አወቁ። ቦታው ላይ ያለው ተራ የሚመስል ኮከብ ነበር። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርተን ሽሚት አሜሪካ ፓሎማር ባለው ባለ 5 ሜትር ቴሌስኮፕ ብርሃኑን ወደ ቀለሞቹ በትኖ ሲተነትን በመሐላቸው የሚታዩት መስመሮች ምንም የሚያውቀውን ነገር አልመስል አሉት፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1963 ነው የተለመዱት የሃይድሮጅን መስመሮች 15.8 በመቶ ወደ ቀይ ተገፍተው መሆኑ የበራለት። ይህን ያህል ወደ ቀይ መገፋት የርቀት ምልክት ነው፤ ኮከብ ሳይሆን ከጋላክሲያችን እጅግ የራቀ ነገር ነበር።

ጋላክሲውስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዓይን አታዩትም። እኔም አላየሁትም። ሞላላ ግዙፍ ጋላክሲ ነው፣ ግን ድምቀቱ 16 አካባቢ ስለሆነ መሐሉ ያለው ብርሃን ይውጠዋል። ሃብል የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ያደረገው ባትሪውን በመዳፍ እንደ መሸፈን ነው፤ ካሜራው ውስጥ ትንሽ መጋረጃ አለ፣ መሐለኛውን ብርሃን በእሱ ከልሎ በዙሪያው ያለውን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ምስል የአቧራ መስመርና የተጠማዘዘ ጭራ የመሰለ ነገር አሳይቷል። ወደ 200,000 የብርሃን ዓመት የሚረዝመው ጄትም በሃብል ምስሎች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምስሎቹ በነፃ ይገኛሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት እዩአቸው፣ ነጥቧ ያኔ ሌላ ትሆናለች።

የባትሪውን ባለቤት በራሴ መሣሪያ ካልያዝኩ ለምትሉ፣ ቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠም ካሜራ ካላችሁ፣ ማርካሪያን 501ን ሞክሩ። ይሄኛው ብሌዛር ወደ 450 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ላይ ነው፣ ለእንደዚህ ዓይነት ነገር ጎረቤት ማለት ነው። ብዙ ፎቶ አንሥታችሁ ስትደራርቡ በነጥቡ ዙሪያ የጋላክሲው ጭጋግ ይወጣል። ሄርኩለስ ውስጥ ነው፣ በምሽት ጥሩ ቦታ የሚይዘው ክረምት ሲገባ በመሆኑ ለእኛ አይመችም፤ ሚያዝያ ላይ ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ግን ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ያያችሁትን ጻፉ። ብሌዛሮች ድምቀታቸው ይቀያየራል። የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከቦች ታዛቢዎች ማኅበር የጎረቤት ኮከቦችን ድምቀት ያሰፈረ ካርታ በነፃ ይሰጣል፣ ከማንም ሰው መረጃ ይቀበላል። ነጥቧን ከሁለት ኮከቦች ጋር አነጻጽራችሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ መመዝገብ ነው። የኔ ደብተር የመጀመሪያው መስመር ድምቀት የለውም። እንዲህ ይላል፦ «4 ሰዓት ተኩል። ታየች። ሁለቴ ጠፋች፣ ተመለሰች። አባባም ሞከሩ፣ 'ምንም የለም' አሉ። ሻይ አመጡልኝ።»