ከጎንደር ተነሥቶ ጀርመን አገር ለመማርና በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የሚያስፈልግ ዝግጅት

ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ያሏችሁን ሰነዶች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዲግሪና ትራንስክሪፕት በተለያየ ጊዜና በተለያየ ሰው እጅ የተጻፉ በመሆናቸው፣ በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለትና ሦስት መልክ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። የአያቴ ስም በ«ቀ» ስለሚጀምር በፓስፖርቴ ላይ በ«ኬ»፣ በዲግሪዬ ላይ ደግሞ በ«ኪው» ተጽፎ ነበር። ይህን ያየሁት ማመልከቻው ሊዘጋ 11 ቀን ሲቀረው ስለነበር፣ ደብዳቤዬን ላስተካክልበት የሚገባኝን ሳምንት ከማራኪ እስከ ፒያሳ ስመላለስ አሳለፍሁት። ፓስፖርታችሁን መነሻ አድርጉና ሌላው ሰነድ ሁሉ እሱን እንዲከተል አድርጉ። ጀርመን አገር የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ ከደረሳችሁ በኋላ በሐኪም ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት የምትጠሩት በአያታችሁ ስም ነው።

ከስም ቀጥሎ የልደት ቀን ይመጣል። ቀኑ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲቀየር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው የሚደመረው 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ግን 8 ነው። ለምሳሌ በ1992 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ተወለደ ማለት ነው፤ ዝም ብሎ 7 የደመረ ሰው አንድ ዓመት ያሳስታል። የማመልከቻ ማብቂያ ሰዓትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በክረምታቸው ወራት የጀርመን ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ «እኩለ ሌሊት» ተብሎ የተጻፈው ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ በበጋቸው ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ እስከዚያች ሰዓት መጠበቅ አይገባም፤ ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ላኩ።

የወጪ መጋራት ክፍያ ያለበት ተመራቂ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱን ከሬጅስትራር ለማውጣት ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ይህን ጉዳይ ለመጨረሻ አታቆዩት።

የነጻ ትምህርት ዕድሉን በተመለከተ፣ ከእኛ አገር ለሚያመለክቱ ሰዎች በሰፊው የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ማለትም ዳድ፣ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው ዕድል ነው። ይህ ዕድል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘም ከስድስት ዓመት በላይ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ በዚያ መንገድ ለመሄድ ያሰበ ተማሪ እንደተመረቀ ከማመልከት ይልቅ፣ በጤና ጣቢያም ሆነ በሌላ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቶ ከአሠሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ቢነሣ ይሻለዋል። ሁለተኛው የአውሮፓ ኅብረት ወጪውን የሚሸፍነው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው፤ የማስተርስ ትምህርቱ ቢያንስ በሁለት አገሮች የሚሰጥ ሲሆን፣ ዕድሉን ያገኘ ተማሪ በወር 1400 ዩሮ ይከፈለዋል።

ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው ዓላማውን በሚያስረዳበት ደብዳቤ ላይ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአንባቢው የሚነግረው ነገር የለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲመሠረት ተማሪው ሕዝብ መካከል ገብቶ እንዲማር ታስቦ ነውና፣ የጤና ተማሪዎች በቡድን ሥልጠና ጊዜያችሁ ወደ ወረዳ ወጥታችሁ የሠራችሁት ሥራ ከማንኛውም የተዋበ ቃል ይበልጣል። ስንት ቤት ለቤት ዞራችሁ ጠየቃችሁ? ምን ችግር አገኛችሁ? ከቀበሌው ጋር ሆናችሁ ምን ሠራችሁ? ሥልጠናው የትምህርቱ አካል ስለሆነ ግን በደብዳቤው ላይ ሥልጠና ብላችሁ ጥሩት እንጂ በጎ ፈቃድ አታድርጉት። በበጎ ፈቃድ የሠራችሁት ሌላ ነው፤ እሱም አላችሁ። ጥምቀት ሲደርስ የፋሲለደስን መዋኛ ዙሪያ ያጸዳ፣ ታቦታቱ በሚያልፉበት መንገድ ምንጣፍ ያነጠፈና እያነሣ የሮጠ፣ ሕዝቡ እንዳይጋፋ እጅ ለእጅ ተያይዞ የቆመ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ነው። እኛ ዘንድ ይህ አገልግሎት ስለሚባል ብቻ በሕይወት ታሪክ መግለጫ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል። ስንት ቀን፣ ከስንት ሰው ጋርና በምን ኃላፊነት እንደሠራችሁ በሁለት መስመር ጻፉት።

ቪዛውን በሚመለከት፣ ከነጻ ትምህርት ዕድሉ የሚሰጠው የገንዘብ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም የመኖሪያ ገንዘብ አስቀድሞ ገብቶ በየወሩ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ አስቀምጡ ከሚለው ግዴታ ያሳርፋችኋል። የቀጠሮው ወረፋ ረጅም ሊሆን ስለሚችል የመግቢያ ደብዳቤው በደረሳችሁ ዕለት ቀጠሮ ጠይቁ። አዲስ አበባ ለዚሁ ጉዳይ በምትሰነብቱበት ጊዜም በጀርመን የባህል ተቋም የጀማሪ ትምህርት ለመመዝገብ ሞክሩ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እንኳ የዳቦ ቤቱ ቋንቋ ጀርመንኛ ነው።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ሽሮና በርበሬ በደንብ ታሽጎ ሊሄድ ይችላል፤ ቅቤና ቋንጣ ግን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ እጅ ማስገባት ክልክል ነው። እናቴ የተቀመመውን ቅቤ በሦስት ላስቲክ ጠቅልለው ከጋቢው ሥር አስቀምጠውት ስለነበር፣ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ አውጥቼ ስመልስላቸው ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። ይህን ለቤተሰብ አስቀድማችሁ በደንብ አስረዱ።

ስትደርሱ ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን በከተማው መዝገብ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ የባንክ ሒሳብና የመኖሪያ ፈቃድ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው።

በጎ ፈቃድ ሥራ ለመጀመር አንድ ሴሚስተር ጠብቁ። በአብዛኞቹ ከተሞች በጎ ፈቃደኞችን ከድርጅቶች ጋር የሚያገናኝ ቢሮ አለ፤ እዚያ ቀርባችሁ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳላችሁና ጀርመንኛችሁ ምን ያህል እንደሆነ በእውነት ንገሯቸው። ቋንቋው ገና ለሆነበት ሰው የምመክረው ታፈል የሚባለውን የምግብ ማደያ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ውስጥ የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ በመላው ጀርመን ከ900 በላይ ይገኛሉ። ሥራው ከሱፐርማርኬትና ከዳቦ ቤት የተረፈውን ምግብ ሰብስቦ፣ ለይቶ ለተቸገሩ ሰዎች ማደል ስለሆነ፣ እጅ እየሠራ ጆሮ ቋንቋ ይማራል። ከልጆች ጋር መሥራት የሚፈልግ ሰው ግን ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ልዩ የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ለበጎ ፈቃደኛ ክፍያ የለውም።

እኔ የምሠራው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነበር። ሣጥኑን ከፍተን ካሮቱን አንድ በአንድ እናያለን፤ የላላውን ለብቻ፣ የበሰበሰውን ለብቻ እናደርጋለን፤ ዳቦውንም ገልብጠን ሻጋታ እንዳለው እናያለን። አስተባባሪያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ጀርመንኛ እንደ አማርኛ «አንቺ»ና «እርስዎ» ይለያል፤ እሳቸውም በመጀመሪያው ቀን «አንቺ በለኝ» አሉኝ። እኛ ሰፈር «እትዬ» ብዬ ከወንበር ተነሥቼ የማስቀምጣቸውን ሴት «አንቺ» ለማለት ሁለት ወር ፈጀብኝ። በኋላ እንደገባኝ ግን ጥሪው ማዕረግ መቀነስ ሳይሆን ከሥራው ጓዶች ቁጠረኝ ማለት ነበር። ስለዚህ ሲፈቀድላችሁ ተቀበሉ፤ ሳይፈቀድላችሁ ግን በ«እርስዎ» ቆዩ።

አንድ ቅዳሜ 20 ደቂቃ አርፍጄ ስደርስ የእኔን ሣጥኖች ብቻቸውን ለይተው ጨርሰው አገኘኋቸው። አልተቆጡም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፈረቃ ዝርዝር፣ ስሜን ከነሰዓቱ፣ በጣታቸው አሳዩኝ። ደቦ ላይ የዘገየ ሰው ሌላው ሸፍኖለት ማምሻውን ጠላው ላይ ይካካሳል፤ እዚያ ግን ስማችሁ ከተጻፈበት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው የለም። የማትመጡ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት አሳውቁ፤ የፈተና ወር ከመድረሱም በፊት ሰዓታችሁን አስቀንሱ።

ሕጉንም ለዩ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ ጀርመን ውስጥ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እየተከፈለው መሥራት ይችላል። ለበጎ ፈቃዱ አበል የሚሰጣችሁ ከሆነ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚቆጠር አስቀድማችሁ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ። አደጋ ቢደርስ መድን የሚሸፍናችሁ መሆኑንም ከድርጅቱ አረጋግጡ።

አገልግሎታችሁን ስትጨርሱ የሠራችሁትን ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና የሰዓቱን ብዛት የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። ይህንም ለመሄድ አንድ ወር ሲቀራችሁ አድርጉት። ስትቀበሉም ስማችሁ በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው መጻፉን እዚያው ቆማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ።