የዝግመተ ለውጥና የኢንተለጀንት ዲዛይን ክርክር እንዴት ይመራል

ኢንተለጀንት ዲዛይን የሕያዋን ውስብስብነት የአንድ አዋቂ ነዳፊ ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከዝግመተ ለውጥ ጋር የሚያደርገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መድረክ ላይ አይደለም፤ ርዕሱ ሲወጣ ነው። «ዝግመተ ለውጥ ነው ወይስ ነዳፊ አለ?» ተብሎ ከተጀመረ አንዱ ስለ ቅሪተ አካል፣ ሌላው ስለ ፈጣሪ መኖር ሲያወራ ሳይገናኙ ይመሻል። ስለዚህ አወያዩ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከዕለቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ ርዕሱን ይበትኑት። «ዝግመተ ለውጥ» በሚለው ስም ሥር ቢያንስ ሦስት አባባሎች ታጭቀዋል፦ ሕያዋን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይለወጣሉ፤ ሁሉም ከጋራ የዘር ግንድ ወርደዋል፤ ውስብስብ አካላትን ያስገኘው ዋናው ኃይል የተፈጥሮ ምርጫ (የሚጠቅም ባሕርይ ያለው ዘሩን አብዝቶ መተካቱ) ነው። ሕይወት እንዴት ጀመረ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ለሌላ ቀን ያቆዩት። ኢንተለጀንት ዲዛይንም ቢሆን «ምድር የጥቂት ሺህ ዓመት ዕድሜ አላት» ማለት አይደለም። ከዚህ ወገን ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ባዮኬሚስቱ ማይክል ቢሂ የምድርን ረጅም ዕድሜም የጋራ ዘር ግንድንም ይቀበላል። ሙግቱ በሦስተኛው አባባል ላይ ነው። ይህን ያላወቀ ተከራካሪ የሰውና የቺምፓንዚን ዝምድና በክሮሞዞም ሲያስረዳ ሰዓቱን ይጨርስና ተቃዋሚው «እኔ መች ካድኩ?» ሲለው መልስ ያጣል።

ቋንቋችንም የራሱ ወጥመድ አለው። «ንድፈ ሐሳብ» እና «ንድፍ» ከአንድ ሥር ስለወጡ አዳማጭ ጆሮ ላይ ይደበላለቃሉ፤ የመጀመሪያውን «ቲዎሪ» ብላችሁ ተስማሙና እፎይ በሉ። «ዝግመት» የሚለው ቃልም ለውጡ ሁልጊዜ አዝጋሚ ነው ያሰኛል፤ ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይ በቀናት ውስጥ ሊያዳብሩ ይችላሉ። «በአጋጣሚ» የሚለውንም ይቆጣጠሩ። ሚውቴሽን (በጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ) የሕያዉን ፍላጎት አይቶ አይመጣም፤ ምርጫው ግን የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ይለያል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ሂደቱን «አጋጣሚ» ብሎ መጥራት ግማሹን መጣል ነው።

ከዚያ አንድ ጠባብ አባባል ይምረጡ። ለምሳሌ ባክቴሪያ ስለሚዋኝበት ጅራፍ፦ «የባክቴሪያ ፍላጀለም በትናንሽ እርምጃዎች ሊገነባ አይችልም»። ከሳምንት በፊት እያንዳንዱ ወገን አንድ ገጽ ጽፎ ያስገባ፤ በገጹ ላይ ከሦስት የማይበልጡ ማስረጃዎችና «ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ይህ ቢገኝ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር። ይህች ዓረፍተ ነገር የክርክሩ ምሰሶ ናት። ዳርዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1859 በትናንሽ ተከታታይ ለውጦች ፈጽሞ ሊገኝ የማይችል ውስብስብ አካል ቢታይ ቲዎሪው እንደሚፈርስ ጽፏል። ከነዳፊው ወገንም ተመጣጣኝ ነገር ይጠበቃል። «ነዳፊው እንደፈለገ ሊያደርገው ይችላል» የሚል መልስ ከመጣ ምንም ግኝት ሊነካው አይችልም ማለት ነውና ገጹን መልሱለት። «ሳይንስ አንድ ቀን ይደርስበታል» የሚለውም ለዝግመተ ለውጡ ወገን ያው ዓይነት ማምለጫ ነው።

ለ90 ደቂቃ የሚሆን አከፋፈል፦ ቃላትን ለማስማማት 5፣ ለመክፈቻ ንግግር ለእያንዳንዱ 15፣ ለፊት ለፊት ጥያቄ ለእያንዳንዱ 10፣ ለማስተባበያ ለእያንዳንዱ 5፣ ለታዳሚ 20። የቀሩት 5 ደቂቃዎች ለመዘግየት መጠባበቂያ ናቸው፤ ምንጊዜም ይበላሉ። ሰዓት ካጠረ ከመክፈቻው ይቁረጡ እንጂ ከፊት ለፊት ጥያቄው አይንኩ። በአንድ ደቂቃ አሥር አባባል መደርደር ይቻላል፣ ለአሥሩ መልስ ለመስጠት ግን ሰዓት እንኳ አይበቃም፤ አንደበተ ርቱዕ የሚያሸንፈው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ፍላጀለሙ። ፍላጀለም ባክቴሪያው የሚዋኝበት ጅራፍ መሰል አካል ነው፤ ሥሩ ላይ በሴሉ ሽፋን ውስጥ የተተከለ፣ በሽፋኑ በኩል በሚፈስሱ ኤሌክትሪክ ሙል ቅንጣቶች ኃይል በሴኮንድ በመቶ የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከር ሞተር አለ። ቢሂ እ.ኤ.አ. በ1996 ያነሳው ሙግት ቀላል ነው፦ ከዋና ክፍሎቹ አንዱን ብታወጣ ሞተሩ ይቆማል፤ ግማሽ ሞተር ደግሞ አይጠቅምም፤ ታዲያ ምርጫ ግማሹን በምን ምክንያት ያቆየዋል? የተለመደው መልስ ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ያላቸው መርፌ መሰል መሣሪያ ነው። ይህ መርፌ ፕሮቲን ወደ ሌላ ሴል ይወጋል፤ በርካታ ክፍሎቹም የፍላጀለሙ ሥር ካሉት ጋር ዘመዳማ ናቸው፣ አይሽከረከርም ግን ይሠራል። ነዳፊ ባዩ በተራው «መርፌው እኮ ከፍላጀለም የመጣ እንጂ አባቱ አይደለም» ይላል፤ ይህን የሚደግፉ የጂን ንጽጽሮች አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ የክርክር ዳኛ ይሳሳታል። መርፌው አባት ባይሆንም «ከፊሉ ብቻውን ምንም ሥራ የለውም» የሚለው መነሻ ወድቋል። ያልተረጋገጠው ፍላጀለሙ የሄደበት ትክክለኛ መንገድ ነው። «ሊሆን ይችላል» እና «እንዲህ ሆነ» ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸውና በማስታወሻዎ ላይ በሁለት ዓምድ ይጻፏቸው፤ ነጥብ ሲሰጡም ለየትኛው እንደሆነ ይናገሩ።

የአሜሪካዊው ባዮሎጂስት የሪቻርድ ሌንስኪ ሙከራም መነሳቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1988 በ12 የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ መንጋዎች የተጀመረው ይህ ሙከራ ከ31,000 ትውልድ በኋላ አንዱ መንጋ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት የተባለውን ንጥረ ነገር መመገብ መቻሉን አሳይቷል። ምክንያቱ ሲትሬት የሚያስገባው ጂን ተባዝቶ ቅጂው ኦክስጅን ሲኖር በሚሠራ ማብሪያ ሥር መግባቱ ነው። አንዱ ወገን «አዲስ ችሎታ» ይለዋል፣ ሌላው «የነበረ ጂን ቦታ ለወጠ»። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ስለዚህ «አዲስ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው ብለው አስቀድመው ያስጽፉ።

ስሌት ይዞ የሚመጣም አለ፦ 150 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ያለው ፕሮቲን በአንድ ጊዜ በትክክል የመገጠም ዕድሉ ከ1 በኋላ 195 ዜሮ ካለው ቁጥር አንድ ያህል ብቻ ነው ይላል። ማባዛቱ ልክ ነው፤ አወያዩ ግን ሁለት ነገር ይጠይቅ። ስሌቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገጠማል ብሎ ነው ወይ? ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ስንት የተለያዩ ፕሮቲኖች ይኖራሉ? ከዚያም ፊቱን ወደ ዝግመተ ለውጡ ወገን አዙሮ፣ ምርጫ የሚያጠራቅመው እያንዳንዱ እርምጃ ሲጠቅም ነውና፣ እርምጃዎቹን ይዘርዝሩ ይበል።

በአሜሪካ በዶቨር ከተማ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ከተጠቀሰ ባጭሩ ይለፉት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 የፌዴራል ዳኛው ጆን ጆንስ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ሊሰጥም አይገባም ብለው ፈርደዋል። ይህ ስለ ትምህርት ፖሊሲ ሲከራከሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለ ፍላጀለም ሲከራከሩ ግን የዳኛ ማህተም ማስረጃ አይሆንም።

የታዳሚውን ጥያቄ በወረቀት ይሰብስቡ። ስለ ፈጣሪ መኖር የሚጠይቁትን ለብቻ ይክመሩና ዛሬ እንደማይነሱ ከመጀመሪያው ይናገሩ፤ ካልተናገሩ የመጀመሪያው ማይክራፎን የያዘ ሰው ያነሳቸዋል።