«ከጌሙ ጋር አይመሳሰልም» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ፍልሚያ ጌም ፊልሞች ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ማታ አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። አምስት ስድስት ሰው እንሆናለን። ቡና ይፈላል፣ ከፍልሚያ ጌም የተሠራ አንድ ፊልም ይከፈታል፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ክርክር ነው። አብዛኞቻችን የፕሌስቴሽን ቤት ልጆች ነን። እዚያ የተሸነፈ ጆይስቲኩን አስረክቦ ይነሳል፣ ወረፋ የያዘው ይቀመጣል። ያንን እልህ ወደ ፊልሙም ይዘነው መጥተናል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አዲስ ልጅ መጣ። በ2021 የወጣውን ሞርታል ኮምባት ነበር የምናየው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ፊልሙ ገና ከማለቁ «ይሄ ምኑ ሞርታል ኮምባት ነው? ከጌሙ ጋር አይመሳሰልም!» አለ። በልጁ አልፈርድም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነው የጀመርነው። ግን ይቺን አባባል ስንት ጊዜ ሰማኋት! ከእሷ ጋር አብረው የሚመጡ ሌሎች ስህተቶችም ስላሉ አንድ ላይ ልጻፋቸው።

«አይመሳሰልም» ብሎ ክርክሩን መዝጋት

እስቲ መጀመሪያ፣ ከየትኛው ጌም ጋር? ሞርታል ኮምባት በ1992 ሲወጣ የምንመርጠው ከሰባት ተፋላሚዎች ብቻ ነበር። የእያንዳንዳቸው ታሪክ ስክሪኑ ላይ በጥቂት መስመር ተጽፎ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ ጌሙ ራሱ ታሪኩን አፍርሶ እንደ አዲስ ጀምሯል። በ2011 አንድ ጊዜ፣ በ2023 ደግሞ ሌላ ጊዜ። ፊልሙ የትኛውን ይምሰል?

ደግሞ ፊልሙም ለጌሙ ያበደረው ነገር አለ። ካኖን ውሰዱ። ዛሬ ጌሙን የሚጫወት ሁሉ ካኖ አውስትራሊያዊ መሆኑን ያውቃል። ሲጀመር ግን አልነበረም። በ1995ቱ ፊልም ካኖን ሆኖ የሠራው ትሬቨር ጎዳርድ የአውስትራሊያ ሰው በሚመስል አነጋገር ተናገረ። ጌም ሠሪዎቹ ወሰዱት፣ ካኖም በዚያው ቀረ። «እውነተኛው ካኖ እኮ…» ብሎ የሚከራከር ሰው ሳያውቀው ከፊልም ነው የሚጠቅሰው።

ታዲያ ምን ይመሳሰል? በፍልሚያ ጌም ውስጥ ሰውየውን የምናውቀው በእጃችን ነው። ፕሌስቴሽን ቤት ቁጭ ብሎ የገጸ ባሕሪውን ታሪክ የሚያነብ ሰው አላየሁም። ግን ስኮርፒየን ገመድ ያለው ጩቤ ወርውሮ ሰውን ወደ ራሱ እንደሚጎትት፣ ሰብ-ዚሮ ሰውን በበረዶ እንደሚያደርቅ አውራ ጣታችን ያውቃል። ስለዚህ ፊልሙን ስናይ ጥያቄው ይሄ መሆን አለበት፦ ይሄ ሰው ልብሱን ቢቀይር፣ ከሚደባደብበት መንገድ ብቻ እናውቀዋለን ወይ?

የዚያኑ የ2021 ፊልም መክፈቻ አስታውሱ። ጃፓን፣ 1617። የሃንዞ ሃሳሺ ሚስት ደጃፏ ላይ በአንዲት ሹል ብረት አፈር ትቆፍራለች። ባልየው ውኃ ሊቀዳ ይወርዳል። እሱ በሌለበት ቢ-ሃን፣ ኋላ ሰብ-ዚሮ የሚባለው፣ ሰዎቹን አስከትሎ ይደርሳል። ሃንዞ ሮጦ ሲመለስ እጁ የገባችው መሣሪያ ያቺው የአትክልት ብረት ናት። ገመድ ያስርባታል። ከዚያ ብረቷ ትወረወራለች፣ ትዞራለች፣ ሰው ወግታ ትመለሳለች። ጭምብል የለም፣ እሳት የለም። ስኮርፒየን የሚባል ስምም ገና አልተጠራም። ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ማን እንደሆነ አውቆታል፤ ሲኒ የሚያነሳ እንኳ ጠፋ። የአትክልቷን ብረት ጌሙ ላይ አታገኟትም። ፊልሙ ግን እኛ በአንድ ቁልፍ ስንወረውራት ለኖርነው ጩቤ መወለጃ ሰጣት። እኔ መመሳሰል የምለው ይሄንን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ ሂዱ። ኩንግ ላው ጠላቱን በባርኔጣው ሰንጥቆ ጌሙ ላይ የሚሰማውን የድል ቃል እንዳለ ይናገራል። ቃሉ አንድ ፊደል አልጎደለም። እኔን ግን አልነካኝም፤ ቃሉ የመጣው ከውጊያው ሳይሆን ከጌሙ ላይ ተቆርጦ ነው። የ1995ቱ ላይ ጆኒ ኬጅ ስኮርፒየንን ካሸነፈ በኋላ የፈረመባት የራሱ ፎቶ ስትወድቅ ታያላችሁ። ሁለተኛውን ጌም የተጫወተ ያውቃታል፤ ያልተጫወተም ይገባዋል፣ ምክንያቱም ኬጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሱን የሚወድ የሆሊውድ ሰው ነው።

ከሌላ ፍልሚያ ጌም የተሠራው የ1994ቱ ስትሪት ፋይተር ተቃራኒው ነው። ወደ መጨረሻው ርዩና ኬን የጌሙን ልብስ ይለብሳሉ፣ ነጩንና ቀዩን። ልብሱ ልክ ነው። ሰውየውስ? በጌሙ ርዩ ራሱን ለመፈተን አገር ለአገር የሚዞር፣ ለገንዘብ ግድ የሌለው ሰው ነው። በፊልሙ ሐሰተኛ መሣሪያ የሚሸጥ አጭበርባሪ ሆነ። እዚህ ላይ ተቆጡ፤ እኔም አብሬ እቆጣለሁ። ግን ስትቆጡ «ርዩን ርዩ የሚያደርገውን ነገር ወሰዱበት» በሉ። ያኔ ሌላው መልስ ሊሰጣችሁ ይችላል። «አይመሳሰልም» ግን ምን መልስ አለው?

በልጅነት ትዝታ መከራከር

ይሄን እኔም ሠርቻለሁ። በ1997 የወጣውን ሁለተኛውን ሞርታል ኮምባት ለዓመታት ስከላከል ነበር። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ነው ያየሁት፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል። አድጌ ደግሜ ሳየው ደነገጥኩ። ከመጀመሪያው ፊልም ዋና ተዋንያን የተመለሱት ሮቢን ሹና ታሊሳ ሶቶ ብቻ ናቸው። ጆኒ ኬጅ ገና ሲጀመር ይገደላል፣ የሠራውም ሌላ ተዋናይ ነው። ተፋላሚዎቹ ስማቸው ተጠርቶ፣ አንድ ዙር ተደባድበው ይጠፋሉ። እኔ ስከላከል የኖርኩት ፊልሙን ሳይሆን ያንን አግዳሚ ነው። ከመከራከራችሁ በፊት ደግማችሁ እዩት።

ለካሜራው ጥፋት ተዋናዩን መውቀስ

«ተዋንያኑ መደባደብ አይችሉም» የምትባለዋ ክስ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ላይ ነው የምታርፈው። በ2021ዱ ሰብ-ዚሮን የሠራው ጆ ታስሊም የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ የጁዶ ቡድን አባል የነበረ ሰው ነው። እሱን መደባደብ አይችልም ማለት ይከብዳል። ነገሩ ያለው ቆረጣው ላይ ነው።

ጌሙን አስቡት። የምናየው ከጎን ነው፤ ሁለቱም ሰዎች ከራስ እስከ እግር ይታያሉ። እግሩ ከመሬት ሲነሳም ደረት ላይ ሲያርፍም ዓይናችን አይለቀውም። ፊልም ላይ ግን እግሩ ይነሳል፣ ይቆረጣል፣ የሌላው ፊት ይመጣል፣ ይቆረጣል፣ ሰውየው ወድቋል። ማን መታው? ሪሞቱን ያዙና ምቱ የሚጀምርበትና የሚያርፍበት ቦታ በአንድ ሥዕል ውስጥ መኖሩን ተመልከቱ። ለዚህ የ1995ቱን የሊዩ ካንግና የሬፕታይልን ፍልሚያ እመክራለሁ። ፊልሙ ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ተጨማሪ ፍልሚያ ስለፈለገ በኋላ የተጨመረ ነው። ያቀናበረው ራሱ ሊዩ ካንግን የሠራው ሮቢን ሹ ነው። ምቱን ከነመነሻው ታያላችሁ።

አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ ከዚያም ይርቃል። የ1994ቱ ስትሪት ፋይተር ፍልሚያዎች ደካማ መሆናቸውን ሁሉም ይናገራል። ክፉውን አለቃ ባይሰንን የሠራው ራውል ጁሊያ በጠና ታሞ ነበር ወደ ሥራው የመጣው። ሰውነቱ ሲያገግም እንዲቀረጽ ተብሎ መርሐ ግብሩ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተዋንያን በቂ ልምምድ ሳያደርጉ ፍልሚያ ውስጥ ገቡ። ራውል ጁሊያ በጥቅምት 1994 አረፈ፣ ፊልሙ በታኅሣሥ ወጣ። ልጆቹ ጌሙን ይወዱት ስለነበር ነው ሥራውን የተቀበለው። ቹን-ሊ አባቷን እንዴት እንደገደለባት ስትነግረው፣ እሱ ዘወር ብሎ ያ ቀን ለእሱ ተራ ማክሰኞ እንደነበረ የሚነግራትን ቦታ እዩልኝ። ፊልሙን የሚጠላ ጓደኛዬ እንኳ እዚያ ጋ ስልኩን ያስቀምጣል።

ስም ሳያጣሩ መጣላት

ሁለት ጓደኞቼ ስለ ስትሪት ፋይተሩ ቬጋ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። አንዱ «ቬጋ እኮ የሁሉም አለቃ ነው» ይላል። ሌላው «ጭምብል ያደረገው፣ ጥፍር ያሰረው ነው እንጂ!» ይላል። አንደኛው የጃፓኑን የ1994 የአኒሜ ፊልም በጃፓንኛው ነው ያየው፣ ሁለተኛው የእንግሊዝኛውን ጌም ነው የተጫወተው። በጃፓን አለቃው ቬጋ ነው፣ ባለጥፍሩ ባልሮግ፣ ቦክሰኛው ደግሞ ኤም ባይሰን። ቦክሰኛው ማይክ ታይሰንን ስለሚመስል ወደ አሜሪካ ሲሄድ ክስ እንዳያመጣ ተፈራ፣ ሦስቱም ስም ተለዋወጡ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። መጀመሪያ «የትኛው ቬጋ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የዕድሜ ገደቡን መርሳት

የ1995ቱ ሞርታል ኮምባት ልጆችም እንዲያዩት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ደም የለውም ብሎ መውቀስ አይገባም። የ2021ዱ ለአዋቂ ነው። ሁለቱን በደም መጠን አታወዳድሩ።

ገንዘብ መቁጠር

ስትሪት ፋይተር በ35 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ወደ 99 ሚሊዮን አስገብቷል። ይሄ ቁጥር ስለ ርዩ ምንም አይነግረንም።

«ቫንዳም አለበት» ማለት

ታላላቅ ወንድሞቻችን ስትሪት ፋይተርን የወደዱት በቫንዳም ምክንያት ነው። ፍቅራቸው ይገባኛል፣ የቪዲዮ ቤቱ ንጉሥ እሱ ነበር። ግን እሱ የሠራውን ገጸ ባሕሪ፣ ጋይልን፣ በጋይልነቱ መዝኑት። ቫንዳም ለዚህ ዓለም ያለውን ውለታ መጥቀስ ከፈለጋችሁ ሌላ ታሪክ አለ። የሞርታል ኮምባት ፈጣሪዎች ኤድ ቡንና ጆን ቶባያስ መጀመሪያ ያሰቡት ቫንዳም ያለበት ጌም ነበር። አልሆነም፣ ጆኒ ኬጅ የተወለደው ከዚያ ሐሳብ ነው። ቫንዳም ሄዶ የተፎካካሪውን ጌም ፊልም ሠራ። በ2023ቱ ሞርታል ኮምባት 1 ላይ ግን ጆኒ ኬጅን በቫንዳም መልክና ድምፅ መጫወት ተቻለ። ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

የጌም ሠሪውን ቃል እንደ ፍርድ መውሰድ

ቴክን የተባለውን ፍልሚያ ጌም ከሠሩት አንዱ ካትሱሂሮ ሃራዳ የ2010ሩን የቴክን ፊልም መጥፎ ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። እነሱ ፊልሙን የመቆጣጠር መብት እንዳልነበራቸውም ገልጿል። ይሄ ትልቅ መረጃ ነው፤ ፊልሙ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያስረዳል። እናንተ ያያችሁትን ግን አይተካም። በፊልሙ ሄይሃቺ የተባለውን ገጸ ባሕሪ የሠራው ኬሪ-ሂሮዩኪ ታጋዋ ነው፣ በ1995ቱ ሞርታል ኮምባት ክፉውን ሻንግ ሱንግን ሆኖ ያስደመመን ሰው። በ2019 ሞርታል ኮምባት 11 ሲወጣ መልኩንም ድምፁንም ሰጥቶ ወደ ሻንግ ሱንግ ተመልሷል። ያንኑ ሰው በቴክን ፊልም ውስጥ እዩትና ምን እንደጎደለው ራሳችሁ ፈልጉ።

ጌሙን ያልተጫወተን ሰው ዝም ማሰኘት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። «አንቺ አልተጫወትሽውም፣ አይገባሽም።» እኛ ቤት ይሄን ዓረፍተ ነገር ከከለከልን ቆይተናል።

ታናሽ እህቴ ጆይስቲክ ይዛ አታውቅም። ባለፈው ቅዳሜ አብራን ነበረች። መክፈቻው ላይ፣ ሃንዞ ሚስቱንና ልጁን ሲያገኛቸው አለቀሰች። ከዚያ ኮል ያንግ መጣ። ኮል ለፊልሙ የተፈጠረ ሰው ነው፣ ጌሙ ላይ አልነበረም። አዲሱ ልጅ በዚህ ተናዶ «ይሄ ማነው?» እያለ ያጉረመርማል። እህቴ ጥቂት ካየች በኋላ «አባትየውስ የት ሄደ?» አለች። «ይመጣል፣ ጠብቂ» አልናት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግማ ጠየቀች። «እኔ አክተሩ እሱ መስሎኝ ነበር።»

ልጁም እሷም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉድለት ነው። እሱ ኮል ጌሙ ላይ ስለሌለ ተናደደ። እሷ ግን ፊልሙ ልቧን ለአንድ ሰው አስይዟት እሱን እስከ መጨረሻው ደብቆ ሌላ ሰው እንዳመጣባት ተናገረች። የእሷ ክስ ይበልጣል፤ ኮል ጌሙ ላይ ቢኖርም ባይኖርም ክሱ ይቆማል።

መጨረሻው ፍልሚያ ላይ ጭምብል ያደረገ ሰው ከእሳት ውስጥ ወጣ። ማንም ስም ሳይጠራ እህቴ «መጣ!» ብላ ብድግ አለች። አዲሱ ልጅ ዞር ብሎ አያት።

«ፊቱ ተሸፍኖ የለም እንዴ፣ በምን አወቅሽው?»

«በገመዱ» አለችው።